የገዢው ኤክሴል መጣ፦ የአበባ እርሻችንን ካርበን እንዴት እንቁጠር?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምሠራው ሆለታ አካባቢ ባለ የጽጌረዳ እርሻ ነው፤ ሂሳብ ክፍል ውስጥ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ኔዘርላንድስ ያለው ገዢያችን አንድ የኤክሴል ፋይል ላከ። ባለፈው ዓመት ስንት ቶን ካርበን እንደለቀቅን ሞልተን እንድንመልስለት ይጠይቃል። ሦስት ገጽ አለው፦ ስኮፕ 1፣ ስኮፕ 2፣ ስኮፕ 3። ሥራ አስኪያጁ አየት አደረገና ወደ እኔ መራው።

እስካሁን የገባኝ ይህን ያህል ነው። አሠራሩ የመጣው ግሪንሃውስ ጋዝ ፕሮቶኮል ከሚባለው፣ ኩባንያዎች ዓለምን የሚያሞቁ ጋዞቻቸውን ከሚቆጥሩበት መመሪያ ነው። መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ሲሆን በ2004 ተሻሽሏል። ስኮፕ 1 እኛው በእጃችን የምናቃጥለውና የምናፈሰው ነው። ስኮፕ 2 የምንገዛው መብራት ነው። ስኮፕ 3 ከኛ በፊትም ከኛ በኋላም ያለው ሁሉ ነው፤ የማዳበሪያው ፋብሪካ፣ ካርቶኑ፣ አውሮፕላኑ። እሱ ብቻውን 15 ክፍል አለው። ስሌቱ ከባድ አይደለም። የተጠቀምነውን መጠን በማባዣ ቁጥር ማባዛት ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.68 ኪሎ ገደማ ካርበን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። የኛ ጄኔሬተር በወር በአማካይ 3,800 ሊትር ይጠጣል። በወር 10 ቶን፣ በዓመት 122 ቶን ገደማ መሆኑ ነው።

ከዚያ ወዲያ ግን ግራ ገባኝ። የመብራቱ ገጽ ላይ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 0.45 ኪሎ የሚል ማባዣ ተሞልቶ ነው የመጣው። እኛ በወር 60,000 ኪሎዋት ሰዓት እንጠቀማለን። በዚያ ሂሳብ በዓመት 324 ቶን ይወጣል። ከግድብ ለሚመጣ መብራት ይህ ልክ ነው? ደግሞ መዝገባችን የሚዘጋው በሰኔ 30 ነው። እነሱ የሚፈልጉት ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው። ሌላም የረሳሁት ነገር እንዳለ ይሰማኛል፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም።

ገምቼ ብሞላው መጥቶ የሚያይ የለም። እንደዚያ ማድረግ ግን አልፈልግም። ስንት እንደምንለቅ የምር ማወቅ እፈልጋለሁ። የምታውቁትን ንገሩኝ።

የመጡት መልሶች

ክሩ ከተከፈተ ሁለት ሳምንት አለፈው፤ 34 መልስ ደርሷል። አንዳንዶቻችሁ መሃል ላይ ገብታችሁ የተባለውን መልሳችሁ ስለምትጠይቁ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያለውን በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው።

1ኛው መልስ አጭር ነበር። ከሁሉ በፊት ድንበሩን እንድለይ መከረኝ። የትኛው መኪና፣ የትኛው ሕንፃ በኛ ቁጥጥር ሥር እንዳለ ሳይታወቅ መቁጠር ከተጀመረ ሁሉም ይደበላለቃል። የሠራተኛ ሰርቪሱ የራሳችን ከሆነ ናፍጣው ስኮፕ 1 ይገባል። የኪራይ ከሆነ ስኮፕ 3። የኛ ሁለቱም አውቶቡሶች የኪራይ ናቸው፤ እኔ ስኮፕ 1 ላይ ጽፌያቸው ነበር። ያኔውኑ አወጣኋቸው።

2ኛውን የጻፉት በመብራት ሥራ ብዙ ዓመት ያገለገሉ መሐንዲስ ናቸው። እዚህ ቤት ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። 0.45 ለዓለም አማካይ የሚቀርብ ቁጥር እንደሆነ፣ ፋይሉን ያዘጋጀው ሰው አገር ሳይለይ ለሁሉም አንድ ቁጥር እንዳስገባ አስረዱኝ። የኢትዮጵያ መብራት ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ነው። ከቀሪው ብዙው ነፋስ ነው፤ አሸጎዳ 120 ሜጋዋት፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋዋት። የአገሩን ማባዣ ስንጠቀም ስኮፕ 2 ወደ ዜሮ ይጠጋል። ግን ቁጥሩን ዝም ብዬ እንዳልቀይረው አስጠነቀቁኝ። ምንጩን አጠገቡ እንድጽፍ፣ ለምን እንደቀየርኩም ለገዢው በደብዳቤ እንዳስረዳ ነገሩኝ። እንዳሉት አደረግኩ። ገዢው በሁለት ቀን ውስጥ ተቀበለው።

3ኛው መልስ ጋሼን በትህትና አረማቸው። የመብራት መመሪያው እ.ኤ.አ. በ2015 ስለተብራራ፣ አሁን አንድ ሳይሆን ሁለት ቁጥር ይጠየቃል። አንዱ በመስመሩ ላይ የሚፈሰው መብራት በአማካይ ምን ያህል እንደሚለቅ የሚያሳይ ነው። ሌላው ኩባንያው በውል ወይም የንጹሕ መብራት ማረጋገጫ በሆነ ሰርተፍኬት የገዛውን የሚያሳይ ነው። እኛ የገዛነው ሰርተፍኬት ስለሌለ ሁለቱም ላይ የሚጻፈው ያው የመስመሩ አማካይ ነው። ጋሼ እርማቱን ተቀብለው አመሰገኑ።

4ኛው የጻፈው ልጅ ትንሽ ቆጣ ያለ ነበር። ግድብ ንጹሕ ነው እየተባለ መወራቱ እንደሚያናድደው ተናገረ። ውሃ ሲተኛ የተዋጠው ዛፍና ሣር ሲበሰብስ ሚቴን የሚባል ዓለምን የሚያሞቅ ጋዝ ያወጣል፤ በተለይ በሞቃት አገር። 5ኛው የጋሼ መልስ ነበር። ነገሩ እውነት መሆኑን አልካዱም። የተለመዱት የስኮፕ 2 ማባዣዎች ግን ይህን እንደማያካትቱ፣ ለኔ የተሰጠኝ ፋይልም እሱን እንዳልጠየቀ አስረዱ። ከዚያ እኔን የያዘኝን ነገር ጨመሩ። ንጹሕ መብራት አለን የምንለው መብራት ሲኖር ነው። በጠፋ ቁጥር ወደ ናፍጣ እንሄዳለን። ስለዚህ የመብራት መቆራረጡ ራሱ ልቀታችን ውስጥ አለ። ይህን ካነበብኩ በኋላ መብራት የጠፋበትን ሰዓት የሚመዘግብ ደብተር ለጄኔሬተር ቤቱ ገዛሁ።

6ኛዋ ኦዲተር ናት። የዘመን ጉዳዩን የፈታችልኝ እሷ ነች። መመሪያው በራሳችን የበጀት ዓመት መቁጠር አይከለክልም። ዋናው ነገር በየዓመቱ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ገዢው የግድ ጃንዋሪ ካለ ግን መቁረጫው ታኅሣሥ 23 ነው፤ ከጳጉሜ 6 በኋላ በሚመጣው ዓመት ደግሞ ታኅሣሥ 22። የናፍጣ ደረሰኝ ቀን ስላለው ችግር የለውም። የመብራት ቢል ግን ወር አጋማሽ ላይ ስለሚያልፍ በቀን ማካፈል ያስፈልጋል። ከዚያ ስለ ጳጉሜ አነሳች። አንድ ፋብሪካ ውስጥ የጳጉሜ ናፍጣ በነሐሴም በመስከረምም ሳይመዘገብ ጠፍቶ እንዳገኘች ነገረችን። ቤቱን አልጠቀሰችም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። የራሴን መዝገብ ከፈትኩ። የኛ ጳጉሜ መስከረም ውስጥ ተጨምሮ አለ። ተመስገን።

7ኛው የጄኔሬተር መካኒክ ነው። በደረሰኝ ብቻ እንዳላምን መከረኝ። ጄኔሬተሩ ላይ የሠራበትን ሰዓት የሚቆጥር ቆጣሪ አለ። ሊትሩን ለሰዓቱ ሳካፍለው በየወሩ ተቀራራቢ ቁጥር መምጣት አለበት። ካልመጣ አንድ ነገር አለ።

8ኛው ላይ የክሩ መንፈስ ተቀየረ። ጸሐፊው ነገሩን ሳያለሳልስ፣ በመዝገብ ላይ ያለ ናፍጣ ሁሉ ጄኔሬተር ውስጥ ገባ ብሎ ማመን የዋህነት እንደሆነ ጻፈ። የንብረት ክፍሎችን በጅምላ ሌባ አደረጋቸው። ይህ ከበደኝ። ከኛ ስቶር ኪፐር ጋር ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ግን ተነስቼ ቆጣሪውን ከመዝገቡ ጋር አስተያየሁት። በሦስት ወር ውስጥ በእርግጥ አልገጠመም። ከስቶር ኪፐሩ ጋር ቁጭ ብለን ስናጣራ፣ ትራክተሩና ፒካፑ ከዚያው በርሜል እየቀዱ በጄኔሬተር ስም ሲጻፍ ነበር። የስኮፕ 1 ድምር አልተለወጠም፤ ናፍጣ ያው ናፍጣ ነው። ነገር ግን ጄኔሬተሩ ብቻ ይበላል ብለን የምናስበው ከእውነቱ በጣም ከፍ ብሎ ነበር። ይህን ስጽፍ 8ኛው ሰው 9ኛውን መልስ ጽፎ ይቅርታ ጠየቀ። ደስ አለኝ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። 10ኛው መልስ ለኔ የዚህ ክር ልብ ነው።

የጻፈው የኮልድ ሩም፣ ማለትም የአበባ ማቀዝቀዣ ክፍል፣ ማሽን የሚጠግን ባለሙያ ነው። የአበባ እርሻ የካርበን ሂሳብ ላይ ሁልጊዜ የሚረሳ አንድ ነገር አለ አለና፣ እኔም እንደረሳሁት ከመክፈቻው ጽሑፍ እንዳወቀ ተናገረ። ነገሩ የማቀዝቀዣ ጋዝ ነው። ብዙ ኮልድ ሩም የሚሠራው አር 404 ኤ በሚባል ጋዝ ነው። ማሽኑ ቀዘቀዘ፣ አልቀዘቀዘም እያልን ቴክኒሻን ጠርተን ጋዝ ስናስሞላ፣ የቀድሞው የት ሄደ ብለን አንጠይቅም። አየር ላይ ነው የሄደው። የዚህ ጋዝ አንድ ኪሎ የ3,922 ኪሎ ካርበን ዳይኦክሳይድ ያህል ያሞቃል።

11ኛው አላመነም። ቁጥሩ አንድ ዜሮ ተጨምሮበት መሆን አለበት ብሎ ተከራከረ። 12ኛው የባለሙያው መልስ ነበር፤ ሂሳቡን ዘርግቶ አስቀመጠው። አንድ ሲሊንደር 10.9 ኪሎ ይይዛል። እኔ በዓመት ሦስት ሲሊንደር እንደገዛን ነግሬው ስለነበር 32.7 ኪሎ ይሆናል። በ3,922 ሲባዛ 128 ቶን። የጄኔሬተር ብዬ የያዝኩት የዓመት ናፍጣ 122 ቶን ነው። ሁለት ሰው የሚሸከማቸው ሦስት ሲሊንደሮች ከዓመት ናፍጣ በልጠው ተገኙ።

ይህን ሳነብ ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ኮልድ ሩሙን የጥገና ወጪ በሚል ርዕስ ስንት ዓመት እየመዘገብኩት እንደኖርኩ ሳስብ በጣም አዘንኩ። ደረሰኙ እጄ ላይ ነበር። የጋዙ ስምና ኪሎ ተጽፎበታል።

13ኛዋ ግን ሁለት እርማት ይዛ መጣች። አንደኛ፣ የተገዛ ሁሉ አልፈሰሰም። ሲሊንደሩ ውስጥ የቀረውን መቀነስ ያስፈልጋል። በዓመቱ መጀመሪያ የነበረ፣ ሲደመር የተገዛ፣ ሲቀነስ በመጨረሻ የቀረ፤ ልክ እንደ ንብረት ቆጠራ። ሁለተኛ፣ 3,922 አይፒሲሲ የሚባለው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሳይንስ አካል ያወጣው የአራተኛው ሪፖርት ቁጥር ነው። በአምስተኛው 3,943 ሆኗል። የትኛውን እንደተጠቀምኩ እንድጽፍና ሁለቱን እንዳልቀላቅል አሳሰበችኝ። ሌላም አስተዋለች። አሮጌ ማሽን ካለንና አር 22 ከሆነ የሚሞላው፣ እሱ ከስኮፖቹ ውጭ ለብቻው ነው የሚጻፈው። ምክንያቱም ያ ጋዝ የሚተዳደረው ኦዞንን ለመጠበቅ በወጣው በሞንትሪያል ስምምነት ነው።

ስቶር ወረድኩ። አንደኛው ሲሊንደር ገና እሽጉ አልተፈታም። ሁለቱ ባዶ ናቸው። የዓመቱ መነሻ ላይ የተረፈ አልነበረም። ስለዚህ 21.8 ኪሎ ነው የፈሰሰው፤ 86 ቶን። ከ128 ወረደ። አሁንም ግን የ32,000 ሊትር ናፍጣ ያህል ነው።

14ኛው መልስ ስድስት መስመር ነው፤ ያለ ነጥብ የተጻፈ። የጻፈችው አበባ በሚታሸግበት ፓክሃውስ ውስጥ አበባ የምትለይ ልጅ ናት፤ የት እንደምትሠራ አልተናገረችም። የጭነት መኪና ሲዘገይ የኮልድ ሩሙ በር ለረጅም ጊዜ ተከፍቶ እንደሚቆይ፣ በተለይ ለቫለንታይን ሰሞን፣ በር ላይ የሚንጠለጠለው የፕላስቲክ መጋረጃም ጋሪ እያለፈበት ከተበጣጠሰ እንደቆየ ነገረችን። ማሽኑ ሳያርፍ ይሠራል፤ እነሱም በብርድና በሙቀት መሃል ይታመማሉ። ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። የጋዝ ባለሙያው ወዲያው ደግፎ ጻፈ። ሳያርፍ የሚሠራ ማሽን ይንቀጠቀጣል፤ የሚንቀጠቀጥ ቧንቧ ደግሞ መጋጠሚያው ላይ ያፈሳል። በማግስቱ የኛን በር ሄጄ አየሁት። መጋረጃው የለም። ከነጭራሹ የለም።

15ኛው አምስተርዳም የሚኖር ወንድማችን ነው፤ አበባ አስመጪ ቤት ውስጥ ይሠራል። ከዚያ በኩል ያለውን አስረዳን። የኛ ስኮፕ 1 ለነሱ ስኮፕ 3 ነው። ሱፐርማርኬቶቹ ልቀታቸውን እንቀንሳለን ብለው ቃል ስለገቡ አስመጪውን ይጠይቃሉ፤ አስመጪው እኛን ይጠይቃል። የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ኩባንያዎች ልቀታቸውን የሚያሳውቁበትን የሪፖርት ግዴታ ከ1,000 በላይ ሠራተኛ ባላቸው ላይ ብቻ ለመወሰን ሐሳብ አቅርቦ ነበር። እሱ እንደሚለው ግን ትልልቆቹ መጠየቃቸውን አይተዉም። ስለዚህ ፋይሉ በሚቀጥለው ዓመትም ይመጣል።

ከዚያ አውሮፕላኑን አነሳ። ከአዲስ አበባ አምስተርዳም 5,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብዙዎች በሚሠሩበት ማባዣ አንድ ቶን ጭነት በአየር አንድ ኪሎ ሜትር ሲሄድ ግማሽ ኪሎ ያህል ይለቃል። አንድ ኪሎ አበባ ኔዘርላንድስ እስኪደርስ ከ2 ኪሎ ተኩል በላይ ማለት ነው። እኛ በዓመት 600 ቶን እንልካለን። 1,650 ቶን ይሆናል። ናፍጣውና ጋዙ ተደምረው ከዚህ ስምንት እጅ ያንሳሉ።

16ኛው መልስ የጭነቱን ዋጋ የሚከፍለው ገዢው ከሆነ ለምን በኛ እንደሚጻፍ ጠየቀ። ጥያቄው የኔም ነበር። 17ኛዋ ያቺው ኦዲተር ናት። እኛ ብንከፍል ከ15ቱ ክፍሎች 4ኛው ላይ ይገባ ነበር። ገዢው ስለሚከፍል 9ኛው ላይ ይገባል። በየትኛውም መንገድ ስኮፕ 3 ነው። ያው ቶን በአየር መንገዱ ስኮፕ 1 ላይ፣ በአስመጪው ስኮፕ 3 ላይም ይታያል። ይህ ስህተት አይደለም፤ አንዱን ቶን ብዙ ሰው እንዲያስብበት ተብሎ ነው እንደዚያ የተሠራው። የተለያዩ ኩባንያዎችን ስኮፕ 3 ደምሮ የአገር ቁጥር ማውጣት ግን አይቻልም።

18ኛው ተስፋ የሚሰጥ ነገር አመጣ። እ.ኤ.አ. በ2007 የእንግሊዙ ክራንፊልድ ዩኒቨርሲቲ የኬንያንና የኔዘርላንድስን ጽጌረዳ አወዳድሮ ነበር። 12,000 ዘንግ የኬንያ ጽጌረዳ የአውሮፕላኑ ተጨምሮ 6,000 ኪሎ ሲለቅ፣ የኔዘርላንድስ 35,000 ኪሎ ለቋል። ምክንያቱ እዚያ ግሪንሃውሱ በጋዝ ይሞቃል፣ በመብራትም ይበራል። በምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ፀሐይ ይበቃል። 19ኛው ላይ አንድ ሰው ማስታወቂያ ለጥፎ ስለነበር አወያዩ አጠፋው። 20ኛው በ18ኛው ላይ ክፉኛ ወረደበት። ጥናቱን ያሠራው አበባ አስመጪ መሆኑን፣ ጥናቱም ያረጀ መሆኑን፣ የኬንያን ቁጥር ለሆለታ መውሰድ ደግሞ መዋሸት እንደሆነ ጻፈ። በመጨረሻው ነጥብ እስማማለሁ። በገዢው ፋይል ላይ የኬንያን ቁጥር አልጻፍኩም። ሰውየውን መስደብ ግን አያስፈልግም ነበር።

21ኛው ክርክሩን ወደ ሌላ ወሰደው። እኛ ምን አድርገን ነው የምንቆጥረው ሲል ጠየቀ። አንድ ኢትዮጵያዊ በዓመት ከነዳጅና ከሲሚንቶ የሚለቀው ከ0.2 ቶን በታች ነው። ዓለምን ያሞቁት ሌሎች ናቸው፤ ፋይል የሚሞላው ገበሬው። ንዴቱ እውነት አለው፤ እኔንም ይነካኛል። 22ኛው በጣም ሻካራ መልስ ሰጠው፤ ሰነፍ ብሎ ጀመረና ከዚያም ባሰ። አወያዩ በ23ኛው ገብቶ ሁለቱንም አስጠነቀቀ።

24ኛው ላይ ጋሼ ተመለሱ። አገሪቱ ራሷ ቆጥራ የገባችው ቃል እንዳለ አስታወሱን። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ መሠረት በ2010 ልቀታችን 150 ሚሊዮን ቶን ነበር። በነበረው አካሄድ በ2030 400 ሚሊዮን ይደርሳል ተብሎ፣ እዚያው 150 ላይ ለማቆየት ታቅዶ ነበር። ጋሼ እንዳሉት፣ እኛ ካልቆጠርን ሌላ ሰው በ0.45 ይቆጥርልናል። 324 ቶን በባዶ ሊጻፍብን እንደነበር አስታወሱኝ። ከዚህ ክር አንድ ነገር ብቻ ያዢ ብባል ይህን እይዛለሁ።

25ኛው እርሻው ችግኝ ተክሎ ከሆነ ከድምሩ መቀነስ ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። እኛም በየክረምቱ በአረንጓዴ አሻራ እንተክላለን። 26ኛው የወላይታ ልጅ ነው፤ የሁምቦን ደን ምሳሌ አደረገ። 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ፣ ሥሩ ያልሞተውን ግንድ በመንከባከብ እንደገና ደን ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2009 በኪዮቶ ስምምነት ሥር ተመዝግቦ የካርበን ሽያጭ ያገኘው ግን ቦታው ተለክቶ፣ ለዓመታት እየተመረመረ ነው። ገንዘቡም ለማኅበራቱ ነው የሚደርሰው። ችግኝ ተክሎ ፎቶ መነሳት ሌላ ነገር ነው። 27ኛዋ ኦዲተራችን በአጭሩ ዘጋችው፦ በመመሪያው የተገዛም ሆነ የተተከለ ማካካሻ ለብቻው ይጻፋል፤ ከስኮፕ 1፣ 2፣ 3 ድምር ላይ አይቀነስም።

28ኛው እና 29ኛው ከርዕሱ ወጡ። አንዱ ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ፒካፓችንን በኤሌክትሪክ ብንለውጠው ምን እንደሚያዋጣ ሊያሰላ ሞከረ። ሌላው የጅማ ቡና ላኪ ነው፤ አውሮፓ ቡናው እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ በኋላ ከተመነጠረ ደን አለመምጣቱን በየማሳው ካርታ አረጋግጡ ማለቷ እንዳስጨነቀው ዘርዝሮ ጻፈ። ጉዳዩ ትልቅ ነው። ለብቻው ክር ይከፈትለት ተባለ።

30ኛው ሶፍትዌር የሚሠራ ልጅ ነው። በአንድ ዘንግ የሚወጣውን ልቀት ብቻ እያየን እንዳንታለል አስጠነቀቀ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2020 እስከ 2030 ድረስ ከሚለቀው በላይ ከአየር አወጣለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። በ2024 ባወጣው ሪፖርት ግን ጠቅላላ ልቀቱ ከ2020 በ29 በመቶ ጨምሯል፤ የዳታ ማዕከል ግንባታ ነው ያናረው። ስለዚህ ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን እጽፋለሁ፤ የዘንጉንም የጠቅላላውንም።

31ኛው የሻይ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ቅጠሉን የሚያደርቁት በባሕር ዛፍ ማገዶ ስለሆነ የት እንደሚጽፈው ጠየቀ። የማገዶው ካርበን ዳይኦክሳይድ ከስኮፖቹ ውጭ ለብቻው እንደሚጻፍ፣ አብረው የሚወጡት ሌሎቹ የሚያሞቁ ጋዞች፣ ሚቴኑና ናይትረስ ኦክሳይዱ፣ ግን ስኮፕ 1 እንደሚገቡ ተነገረው። ይህ የተነገረው በ32ኛው መልስ ነው፤ የጻፈው የእርሻ ባለሙያ ለኔም የቤት ሥራ ጨመረልኝ። ማዳበሪያ አፈር ላይ ከወረደ በኋላም ይለቃል። በተለመደው ስሌት ከ100 ኪሎ ናይትሮጅን አንዱ ኪሎ ናይትረስ ኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። የኦክስጅኑ ክብደት ሲጨመር 1.57 ኪሎ፣ በአምስተኛው ሪፖርት ቁጥር በ265 ሲባዛ 416 ኪሎ ካርበን ዳይኦክሳይድ ያህል ነው። የሚቆጠረው ናይትሮጅኑ ነው፤ የከረጢቱ ክብደት አይደለም። የከረጢቶቹን መለያ እያነበብኩ ነው።

33ኛው ከአምስተርዳሙ ወንድማችን ነው። አውሮፕላኑን በመርከብ መለወጥ እንደሚቻል፣ ኬንያውያን በሞምባሳ በኩል አበባ በመርከብ እየላኩ እንደሆነ ጻፈ። ለኛ መንገዱ ሞጆና ጂቡቲ ነው፤ የባቡሩ መስመር በኤሌክትሪክ ይሠራል። ግን እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባሕር በደረሰው ጥቃት ብዙ መርከቦች በደቡብ አፍሪካ ዞረው መሄድ ስለጀመሩ፣ አበባ ያን ያህል ቀን አይጠብቅም። በራሴ እጅ ያለው ስኮፕ 1 መሆኑን፣ ከዚያ እንድጀምር መከረኝ።

34ኛው የኔ ነው። ለሥራ አስኪያጁ ያቀረብኩትን ጻፍኩ፦ ለበሩ አዲስ መጋረጃ፣ የቧንቧ መጋጠሚያዎችን በየወሩ በሳሙና አረፋ መፈተሽ፣ ጋዝ ከመሞላቱ በፊትና በኋላ ሲሊንደሩን መመዘን፣ ጄኔሬተሩ፣ ትራክተሩና ፒካፑ ለየራሳቸው የናፍጣ ደብተር እንዲኖራቸው። መጋረጃው ተፈቅዷል። ቴክኒሻኑ ሐሙስ ይመጣል። ሚዛኑን ከማዳበሪያ ክፍል ተውሻለሁ፤ ኮልድ ሩሙ በር ላይ ነው ያለው።